መጽሐፍ የማይይዘው ዜማ፦ በካርናቲክ ሙዚቃ የመምህርና የደቀ መዝሙር ሐረግ

ክቡራን መምህራን፣ ውድ የሙዚቃ ተማሪዎች፣ ጥሪውን አክብራችሁ የተገኛችሁ ሁሉ፣ እንደምን አመሻችሁ? ወንበር ያልደረሳችሁ ከፊት ለፊት ምንጣፉ ላይ ቦታ አለ። ለዛሬው ርዕስማ መሬት መቀመጡ ይበልጥ ይስማማል፤ ካርናቲክ የሚዘፈነው እግር አጣጥፎ መሬት ተቀምጦ ነው።

ካርናቲክ የደቡብ ሕንድ ጥንታዊ ሙዚቃ ነው። ታሚል ናዱ፣ አንድራ፣ ካርናታካና ኬረላ የጋራቸው ያደረጉት ሥርዓት ነው። ከመካከላችሁ በዕድሜ ገፋ ያላችሁት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ከሕንድ፣ በብዛትም ከኬረላ፣ በመጡ መምህራን ሒሳብና ሳይንስ የተማራችሁ ትኖራላችሁ። ዛሬ የምንነጋገርበት ሙዚቃ ከእነዚያ መምህራን አገር የመጣ ነው።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። አንደኛ፣ ጉሩው፣ ማለት መምህሩ፣ ለተማሪው የሚያስተላልፉት ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ እንዴት ነው የሚያስተላልፉት? ሦስተኛ፣ ሐረጉ ራሱ፤ ማን ከማን ተማረ፣ ማንስ በሩ ተዘጋበት? የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ዘፈኑ ወረቀት ላይ ካለ መምህሩ ለምን ያስፈልጋሉ? ካርናቲክ የራሱ ኖታ አለው። ሰባቱ ድምጾች ሳ፣ ሪ፣ ጋ፣ ማ፣ ፓ፣ ዳ፣ ኒ ይባላሉ፤ በፊደል ይጻፋሉ። ነጥብ ከፊደሉ በላይ ሲደረግ የላይኛው፣ በታች ሲደረግ የታችኛው ኦክታቭ ነው። ምቱ በመስመር ይከፋፈላል። መጽሐፉም በየሱቁ ይሸጣል። ታዲያ ምን ጎደለ?

ጋማካ ጎደለ። ጋማካ ማለት ድምፁ የሚነካበት፣ የሚወዛወዝበት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚንሸራተትበት መንገድ ነው። ቶዲ የሚባለውን ራጋ እንውሰድ፤ ራጋ ማለት የተወሰኑ ድምጾች ከነአካሄዳቸው ነው። ሳን በፒያኖ ዶ ላይ ብናደርገው የቶዲ «ጋ» ሚ ፍላት ላይ ይወድቃል። ኖታው «ጋ» ብሎ ይጽፍና ያልፋል። ዘፋኙ ግን ሚ ፍላት ላይ አይቆምም። ድምፁ ከታች ከ«ሪ» ይነሣል፣ ወደ «ማ» ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል። «ጋ» የሚባለው ይህ ውዝዋዜ በሙሉ ነው። ምን ያህል ይውጣ? በምን ፍጥነት ይመለስ? አረፍ የሚለው የት ነው? ይህንን የሚነግር ፊደል የለም። በፒያኖ ሚ ፍላትን ብትመቱት በታሚል ናዱ ዋና ከተማ በቼናይ፣ በቀድሞዋ ማድራስ፣ ውስጥ «ቶዲ ነው» የሚላችሁ ሰው አታገኙም።

ለእናንተ የሚቀርበውን ምሳሌ ልስጥ። የትዝታ ሜጀር አምስቱ ድምጾች፣ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ፣ በካርናቲክ ሞሃነም የሚባለው ራጋ ድምጾች ናቸው። ልክ እነዚያው አምስቱ። ሆኖም አንድ የትዝታ ዘፋኝ ቼናይ ሄዶ ትዝታን ቢጫወት ሞሃነም ተጫወተ አይባልም፤ ሞሃነም ያጠና ሕንዳዊም እዚህ መጥቶ ትዝታ አይዘፍንም። ድምጾቹ አንድ፣ አካሄዱ ሌላ። አካሄዱን የያዘው ሰው ነው። የድጓን ትምህርት የምታውቁ ይህ አይገርማችሁም፤ ከቃሉ በላይ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ እያለ ምልክቱ ተቀምጧል፤ ቢሆንም የኔታ ዘንድ ሄዶ ያልቀጸለ ሰው ምልክቱን ስላየ ብቻ አያዜምም።

ሌላም የሚተላለፍ ነገር አለ፤ ፓታንታራም ይሉታል። አንድ ተማሪ ከመምህሩ የተቀበለው የዘፈኑ መልክ ማለት ነው። ክሪቲ የሚባለው ዋናው የዘፈን ዓይነት ሦስት ክፍል አለው፤ ፓላቪ፣ አኑፓላቪ፣ ቻራናም። ፓላቪው አንድ ስንኝ ሊሆን ይችላል፤ ግን አንዴ ተዘፍኖ አያበቃም። መጀመሪያ እንደ ነገሩ ይዘፈናል፤ ቀጥሎ ያው ቃል፣ በያው ምት፣ ትንሽ ተለውጦ ይመለሳል፤ ደግሞ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ደግሞ ሰፋ ብሎ። እያንዳንዱ ለውጥ ሳንጋቲ ይባላል። የሳንጋቲዎቹ ብዛትና ቅደም ተከተል ከመምህር መምህር ይለያያል። አዋቂ አድማጭ ሦስተኛውን ሳንጋቲ ሰምቶ «ይሄ የእገሌ ቤት ልጅ ነው» ይላል። የሰውየውን ስም ሳያውቅ የመምህሩን መምህር ያውቃል!

አስተውሉ፤ ሳንጋቲው ሁሉ ከደራሲው የመጣ አይደለም። ደቀ መዛሙርቱ፣ የደቀ መዛሙርቱም ደቀ መዛሙርት ጨምረዋል። የትኛው የደራሲው፣ የትኛው የተማሪው ነው የሚለው ክርክር እስካሁን አላለቀም። «ምንም ሳይለወጥ ወረደልን» የሚል ሰው ስታገኙ በአክብሮት አዳምጡት፤ አትመኑት።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ፤ አሠራሩ።

ትምህርት ለመጀመር የሚመረጠው ቀን ቪጃያዳሻሚ ነው፤ በመስቀል ሰሞን ወይም ከዚያ ጥቂት ዘግይቶ የሚውል በዓላቸው። ተማሪው የበትል ቅጠል፣ ፍራፍሬ፣ ጨርቅና ጥቂት ገንዘብ በሰሃን አድርጎ ያቀርባል፤ ጎንበስ ብሎ የመምህሩን እግር ይነካል። ከዚያ ታምቡራ ይከፈታል። ታምቡራ አራት ክር አላት፤ ፓ፣ ሳ፣ ሳ፣ እና የታችኛው ሳ፤ ዜማ አትጫወትም፣ መነሻውን ድምፅ ብቻ ትይዛለች። ይህ መነሻ ስሩቲ ይባላል። የተወሰነ ከፍታ የለውም፤ በዘፋኙ ጉሮሮ ይወሰናል። ወንዶች ባመዛኙ ከዶ እስከ ሬ፣ ሴቶች ከፋ እስከ ላ ባለው መካከል ሳቸውን ያደርጋሉ።

የመጀመሪያው ችግር እዚህ ጋ ይወለዳል። መምህሩ ወንድ፣ ተማሪዋ ሴት ስትሆን በማን ስሩቲ ይዘፈን? በመምህሩ ከሆነ እርሷ የታችኛው ድምጿ ውስጥ ስትርመጠመጥ ትከርማለች፤ የላይኛው ሳ አካባቢ ድምጿ ሳይሠራ ይቀራል። ሰባትና ስምንት ዓመት ተምራ ወደ ራሷ ስሩቲ ስትወጣ የምታውቀው ጋማካ ሁሉ ይላላል። ጥሩ መምህር ምን ያደርጋሉ? ታምቡራውን በተማሪዋ ስሩቲ አስቃኝተው እርሳቸው ድምፃቸውን እንደ ምንም ያብቃቁታል፤ ያልደረሱበትን በታችኛው ኦክታቭ ያሳያሉ። ለመምህሩ አድካሚ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ወላጆች ለሴት ልጃቸው ሴት መምህርት የሚፈልጉት።

ቀጥሎ ሳራሊ ቫሪሳይ ይመጣል፤ መውጫና መውረጃ ልምምዶች፤ ብዙ ጊዜ 14 ናቸው። ይህንን የትምህርት ቅደም ተከተል ያበጁት በ1564 ያረፉት የካርናታካው ፑራንዳራ ዳሳ ናቸው ይባላል፤ «የካርናቲክ አባት» የሚባሉትም ስለዚህ ነው። የሚለማመዱበት ራጋ ማያማላቫጋውላ ነው፤ ከ72ቱ ዋና የድምፅ መሰላሎች 15ኛው። በፒያኖ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ሲ። ለጀማሪ ይህን የመሰለ ከባድ ነገር ለምን? ቀለል ያለው ሜጀር አይሻልም ነበር? ምክንያት አለው። የታችኛው ግማሽና የላይኛው ግማሽ ፍጹም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከሳ ወደ ሪ ጠባብ፣ ከሪ ወደ ጋ ሰፊ፣ ከጋ ወደ ማ ጠባብ፤ ከፓ በኋላም እንዲሁ። ጠባቡና ሰፊው ልዩነት ጎን ለጎን ስለሆነ ጆሮው አይሳሳትም። አንዱን ግማሽ የያዘ ልጅ ሁለተኛውን በነጻ ያገኘዋል።

ምቱ አዲ ታላ ነው፤ ታላ የምት ዙር ማለት ነው፤ የአዲ ዙር ስምንት ምት ነው። እጃችሁን ጭናችሁ ላይ አንዴ ምቱ፤ ከዚያ ትንሿን ጣት፣ የቀለበት ጣትን፣ የመሐል ጣትን ቁጠሩ፤ አራት ሆነ። ከዚያ ምቱና መዳፉን ገልብጡ፤ ስድስት። ደግሞ ምቱና ገልብጡ፤ ስምንት። ልምምዱ ወጥቶ ሲወርድ 16 ድምፅ ነው። በመጀመሪያው ፍጥነት በአንድ ምት አንድ ድምፅ፣ ስለዚህ ሁለት ዙር ይፈጃል። በሁለተኛው በአንድ ምት ሁለት፣ አንድ ዙር። በሦስተኛው በአንድ ምት አራት፣ ግማሽ ዙር፤ ዙሩን ለመሙላት ሁለቴ ይዘፈናል። እጁ በምንም ምክንያት አይፈጥንም፤ የሚፈጥነው ጉሮሮው ብቻ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ፍጥነት ሲያሰለቸው እጁን ያፋጥናል፣ ሦስተኛው ሲደርስ ድምጾቹ ይጨማለቃሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሦስተኛውን ፍጥነት አስቀድሞ ሞክሮ፣ ሳይጨማለቅ የሚዘፈንበትን ልክ ማግኘት፤ ከዚያ ሩብ ማድረግ። የሚገኘው የመጀመሪያ ፍጥነት በጣም ዝግ ያለ ይሆናል። ይሁን።

ከሳራሊ በኋላ ጃንታ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ድምፅ ሁለቴ፤ ሳሳ ሪሪ ጋጋ። ሁለተኛው ድምፅ ከሥሩ ያለውን ድምፅ በቅጽበት ነክቶ ይነሣል። ተማሪው ሳያውቀው የመጀመሪያውን ጋማካ ተማረ ማለት ነው። መምህሩ «ይህ ስፉሪታም ይባላል» አይሉትም፤ ያዜማሉ፣ ይቀበላል። ሰባቱ አላንካራም በሰባቱ የታላ ቤተሰቦች ይከተላሉ፤ ከዚያ ጊታም የሚባሉ አጫጭር ዘፈኖች፤ ከዚያ ስዋራጃቲ፤ ከዚያ ቫርናም። ቫርናም ላይ ለመድረስ ብዙ ተማሪ ሁለት ሦስት ዓመት ይፈጅበታል። ቫርናም የራጋው ባሕርይ በሙሉ የታጨቀበት ስለሆነ ያደጉ ዘፋኞችም ጉሮሯቸውን የሚያፍታቱት፣ ኮንሰርታቸውን የሚከፍቱት በእርሱ ነው።

ክሪቲ እንዴት ይሰጣል? መምህሩ አንድ መስመር ያዜማሉ። ተማሪው ይመልሳል። አልሆነም፤ መምህሩ «እዚህ ላይ ሪው ረዘመ» አይሉም፤ ደግመው ያዜሙታል። ተማሪው ይመልሳል። እንደገና። እስኪገጥም ድረስ ሁለተኛው መስመር አይነካም። ደብተር ክልክል ነው፤ ቃሉን ቢጽፍ እንኳ ቤቱ ሄዶ ነው። ለምን? ዓይኑ ደብተር ላይ ያለ ልጅ የሚያየውን ፊደል ይዘፍናል፣ የሚሰማውን አይዘፍንም። ቃሉ ራሱ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ከታላላቆቹ ክሪቲዎች ብዙዎቹ በቴሉጉ ወይም በሳንስክሪት ናቸው፤ ብዙው ዘፋኝ ግን የታሚል ተወላጅ ነው። ትርጉሙን የማያውቅ ተማሪ ቃሉን ከመሐሉ ቆርጦ ይተነፍሳል፤ ስህተቱን ያላረሙ መምህር ለተማሪዎቻቸው፣ እነርሱም ለተማሪዎቻቸው ያወርሱታል። ሐረግ ጥሩውን ብቻ አያወርድም።

ፈጠራውስ? አላፓና አለ፣ ያለ ቃልና ያለ ምት ራጋውን መዘርጋት፤ ኒራቫል አለ፣ አንድ የቃል መስመር ይዞ ዜማውን እየለዋወጡ መዝፈን፤ ካልፓናስዋራ አለ፣ በሳ ሪ ጋ ማ ስሞች እየፈጠሩ መዝፈን። እነዚህን መምህሩ በመስመር አይሰጡም። ተማሪው ከመምህሩ ኋላ ተቀምጦ ታምቡራ እየነካ፣ ዓመታት ሰምቶ፣ አንድ ቀን መድረክ ላይ መምህሩ ድንገት ዜማውን ትተውለት ይቀጥላል። የድሮው ጉሩኩላ ይህንን ያመቻቸ ነበር። ተማሪው መምህሩ ቤት ይኖራል፤ ውኃ ይቀዳል፣ ልብስ ያጥባል፣ ገበያ ይላካል፤ በመሐል መምህሩ ጠዋት ሲለማመዱ ይሰማል። የተወሰነ ሰዓት የለም። አንዳንዱ ወር ምንም አይማርም። ይህንን አኗኗር የሚያሞግሱት ብዙዎች ናቸው። መልካም ነበር፤ ነገር ግን የቤት ሠራተኛ ሆኖ የቀረ፣ ድምፁ ሳይወጣ ያረጀም እንደነበረ አንርሳ።

አሁን ወደ ሦስተኛው፤ ሐረጉ።

የሐረጉ ግንድ የሚባሉት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱም ከታሚሎች ከተማ ከቲሩቫሩር፣ ሦስቱም በአንድ ዘመን። ሺያማ ሻስትሪ፣ ቲያጋራጃ፣ ሙቱስዋሚ ዲክሺታር። የቲያጋራጃን ልዘርዝር፤ ደቀ መዛሙርታቸው በዝተው የተንሰራፉት የእርሳቸው ስለሆኑ። በ1767 ተወለዱ፤ በታንጃቩር ቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ ከነበሩት ከሶንቲ ቬንካታራማናያ ተማሩ፤ በካቬሪ ወንዝ ዳር ቲሩቫያሩ በምትባል ከተማ ኖሩ። በየመንገዱ እየዘመሩ እህል እየተቀበሉ ያድሩ ነበር። የንጉሡን ስጦታ አልቀበልም ማለታቸው ይተረካል። በጃንዋሪ 1847 አረፉ። ከሥራዎቻቸው ወደ 700 ያህሉ ተርፈዋል።

ማን አተረፋቸው? ደቀ መዛሙርቱ። ሦስት ቅርንጫፎች በመንደራቸው ስም ይጠራሉ፤ ዋላጃፔት፣ ኡማያልፑራም፣ ቲላይስታናም። ዋላጃፔቶች ጸሐፊዎች ነበሩ፤ አባትና ልጅ፣ ቬንካታራማና ባጋቫታርና ክሪሽናስዋሚ ባጋቫታር፣ የሰሙትን እየመዘገቡ ትተውልናል። አራተኛው መስመር የቲያጋራጃ ዘመድ በሆኑት በማናምቡቻቫዲ ቬንካታሱባያ በኩል ይወርዳል። ይህችን መስመር ተከተሉኝ፤ ቬንካታሱባያ ፓትናም ሱብራማኒያ አይየርን አስተማሩ፤ እርሳቸው ራማናታፑራም ሽሪኒቫሳ አየንጋርን፤ እርሳቸው አሪያኩዲ ራማኑጃ አየንጋርን፤ እርሳቸው የኬረላውን ተወላጅ ኬ. ቪ. ናራያናስዋሚን። ናራያናስዋሚ ያረፉት በ2002 ነው። ቁጠሩ እንግዲህ! ከ1767 እስከ 2002፣ 235 ዓመት፣ ስድስት ሰው። ስድስት ጉሮሮ ብቻ።

ከአሪያኩዲ ላይ ትንሽ ልቆይ። ከ1890 እስከ 1967 የኖሩ ናቸው። ዛሬ በቼናይ የምትሰሙት የኮንሰርት ቅርጽ፣ በቫርናም ተጀምሮ፣ አጫጭር ክሪቲዎች ተደርድረው፣ ወደ ዋናው ሰፊ ክሪቲ ተደርሶ፣ በቀላል ዘፈኖች የሚያልቀው፣ የእርሳቸው ሥራ ነው ይባላል። ቅርጹ የጥንት ይመስለን ይሆናል፤ ግን የ20ኛው መቶ ዓመት ነው።

ከዚያው ከቬንካታሱባያ ሌላ ቅርንጫፍ ወደ አንድራ ይሄዳል፤ ሱሳርላ ዳክሺናሙርቲ ሻስትሪ፣ ከዚያ ፓሩፓሊ ራማክሪሽናያ ፓንቱሉ፣ ከዚያ ኤም. ባላሙራሊክሪሽና። ባላሙራሊክሪሽና በ1930 ተወልደው በ2016 ያረፉ ናቸው፤ ራጋ ቢያንስ አምስት ድምፅ ሊኖረው ይገባል በሚባልበት አገር በአራት ድምፅ ብቻ ላቫንጊ የሚባል ራጋ አወጡ። ተቃውሞው እሳት ነበር። ከተቃወሟቸው የአንዳንዶቹ ሐረግ ከእርሳቸው ሐረግ አይበልጥም፤ የሁለቱም ሐረግ እዚያው ቲያጋራጃ ዘንድ ይደርሳል። ልድገመው፤ ሁለቱም እዚያው ይደርሳል። ሐረግ መኖሩ እንዴት እንደምትዘፍን አይወስንም።

በዲክሺታር በኩል ያለው ታሪክ ሌላ መልክ አለው። በ1835 ኤታያፑራም ላይ አረፉ። ከሥራዎቻቸው ብዙዎቹ በቤተሰብ ውስጥ ተያዙ። በኋላ የታሚል ክርስቲያን የሆኑ ቺናስዋሚ ሙዳሊያር የሚባሉ ሰው መጡ። ዘፈኖቹን በአውሮፓ ኖታ ጽፈው ለማኖር ሕልም ነበራቸው። ከቤተሰቡ የሆኑትን ሱባራማ ዲክሺታርን አባበሉ፤ የኤታያፑራም ገዢም ገፋፉ። ውጤቱ በ1904 በቴሉጉ ፊደል የታተመ ወደ 1,700 ገጽ የሚጠጋ መጽሐፍ ነው፤ ለየጋማካው ልዩ ምልክት የተበጀለት። ታዲያ ጉዳዩ ተፈታ? አልተፈታም! ምልክቱን የሚያነብቡ ምሁራን ዛሬም «ይህ ምልክት እንዴት ይዘፈን ነበር» እያሉ ይከራከራሉ፤ መፍትሔ የሚፈልጉትም ከዚያው ሐረግ የተረፉ ዘፋኞች ዘንድ ሄደው ነው።

ከመምህር ፊት ሳይቀመጥ የተማረም አለ፤ ኤካላቭያ የሚባል፣ ማሃባራታ በሚባለው የሕንድ ጥንታዊ ተረክ ውስጥ። መምህሩ ድሮና አላስተምርህም ሲሉት የመምህሩን ምስል ከጭቃ ሠርቶ፣ በእርሱ ፊት ቀስት ተለማመደ። ድሮና ሲሰሙ የቀኝ አውራ ጣቱን በክፍያ ጠየቁት፤ ቆርጦ ሰጠ። ካርናቲክ ውስጥ በሩቅ እየሰማ የተማረ ሰው መምህሬ የሚለውን «ማናሲካ ጉሩ» ይለዋል፤ የልብ መምህር። ዘፋኙ ጂ. ኤን. ባላሱብራማኒያም አሪያኩዲን እንዲህ ይሏቸው ነበር። በዚያ ላይ የቲ. ኤን. ራጃራትናም ፒላይን ናጋስዋራም እየሰሙ ፈጣን ሩጫውን ወደ ድምፅ አመጡት። ናጋስዋራም በቤተ መቅደስ የሚነፋ ትልቅ መለከት መሳይ መሣሪያ ነው፤ ነፊዎቹ ከሌላ የኅብረተሰብ ክፍል ነበሩ። በመደበኛው መንገድ ብራህሚን፣ ማለት ከካህናቱ ወገን የሆነ፣ ዘፋኝ የናጋስዋራም ነፊ ደቀ መዝሙር ሆኖ አይገባም ነበር። ጆሮ ግን አጥር ዘለለ።

አጥሩን ካነሣን እውነቱን እንናገር። ሐረጉ ለሁሉም ክፍት አልነበረም። ከቤተ መቅደስ ጋር የተሳሰሩ ዴቫዳሲ የሚባሉ ሴት ሙዚቀኞች የራሳቸው ሐረግ ነበራቸው፤ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ። ከእነርሱ አንዷ ከ1867 እስከ 1938 የኖሩት ቪና ዳናማል ናቸው፤ ከልጅ ልጆቻቸው ቲ. ብሪንዳና ቲ. ሙክታ ዘፋኞች፣ ባላሳራስዋቲ ዳንሰኛ፣ ቲ. ቪስዋናታን ዋሽንት ነፊ ሆኑ። ፓዳም የሚባሉትን ዝግ ያሉ የፍቅር ዘፈኖች ያቆየን ይህ ቤት ነው። ፓዳም በጣም ዝግ ስለሚል ጋማካው የሚደበቅበት ቦታ የለም፤ እያንዳንዱ ውዝዋዜ ራቁቱን ይታያል። ስለዚህ ከሌላ ሐረግ የመጡ ዘፋኞች ፓዳም ሲፈልጉ ወደዚህ ቤት ይመጡ ነበር።

ሌላዋ ናጋራትናማ ናቸው፤ የባንጋሎር። የሙዚቃ መምህራቸው በዋላጃፔት በኩል ከቲያጋራጃ ሐረግ ይገናኛሉ። ቲያጋራጃ ያረፉበት ቦታ ተረስቶ ዱር ውጦት ነበር። ናጋራትናማ በ1920ዎቹ በገዛ ገንዘባቸው መሬቱን ገዝተው መታሰቢያውን ሠሩ። ከዚያስ? በዓመታዊው በዓል ላይ ሴት እንዳትዘፍን ተከለከለ! ራሳቸው በሠሩት ቤት። ምን አደረጉ? የሴቶችን በዓል ለብቻ አቋቋሙ፤ ወደ 1940 ግድም ወገኖቹ ተስማምተው በዓሉ አንድ ሆነ። በ1952 አረፉ፤ መቃብራቸው ከመታሰቢያው አጠገብ ነው።

ቫራሊን ሳልነግራችሁ ብቀር አዝናለሁ። ቫራሊ የሚባል ራጋ አለ፤ መምህር ለተማሪ በቀጥታ ካስተማሩት ይጣላሉ ይባላል። ስለዚህ አያስተምሩትም፤ ተማሪው ከሩቅ ሰምቶ ይይዘዋል። የቲያጋራጃ አምስቱ ታላላቅ ክሪቲዎች አንዱ በቫራሊ ነው፤ እርሱም በዚሁ መንገድ ይለቀማል። እኔ ጠብ አለ ብዬ አላምንም። ድምጾቹን ስታዩ ግን አንድ ነገር ይታያችኋል፤ ሳ፣ ሪና ጋ ተጠባብቀው ጎን ለጎን ናቸው፣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ሬ፤ ከዚያ ወደ ፋ ሻርፕ ዝላይ። በመስመር እየተሰበረ ሲሰጥ በእርግጥ የሚያጣላ ነው!

የቀረው የዛሬው ነው፤ ፈጠን ልበል። በ1928 የማድራስ የሙዚቃ አካዳሚ ተመሠረተ፤ ኮሌጆች ተከተሉ፤ ሥርዓተ ትምህርትና ፈተና መጣ። የቀድሞው ሸክላ በአንድ ገጹ ሦስት ደቂቃ ግድም ብቻ ስለሚይዝ ዘፋኞች ክሪቲውን አሳጥረው አፈጠኑት፤ ከሸክላው የተማረ ሁሉ አጭሩን እውነተኛ አድርጎ ያዘው። ዛሬ ደግሞ ከቼናይ ወደ ኒው ጀርሲ በቪዲዮ ይማራሉ። የመስመሩ መዘግየት ትንሽ ቢሆን እንኳ መምህርና ተማሪ አብረው እጅ መምታትና አብረው መዝፈን አይችሉም፤ ተማሪው በምቱ ላይ ቢሆንም መምህሩ ዘንድ ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ መምህሩ ያዜማሉ፣ ተማሪው ማይኩን ዘግቶ ይሰማል፤ ከዚያ ብቻውን ይመልሳል፣ እጁንም ራሱ ይመታል። ፕሮግራሙ ድምፅን ለማጥራት የተሠራውን ማጣሪያ ካላጠፉት ታምቡራውን ጩኸት መስሎት ይቆርጠዋል፤ ታምቡራው በሁለቱም ወገን ለየብቻ ይከፈት። አብሮ የመዝፈኑ ነገር ግን ቀረ፤ ኋላ ተቀምጦ መስማትም ቀረ። አላፓና የሚለመደው በዚያ ስለነበር፣ በቪዲዮ ብቻ የተማሩ ልጆች ክሪቲያቸው ጥሩ ሆኖ ፈጠራቸው ሲቀጥን የምትሰሙት ለዚህ ነው። አንዳንድ ወላጆች ገብቷቸው በዲሴምበር፣ የቼናይ የኮንሰርት ወቅት ሲደርስ፣ ልጆቻቸውን መምህራቸው ዘንድ ይልካሉ።

ከጥያቄው በፊት ይሞከር። ታምቡራው በሬ ተቃኝቷል፤ ለሴቶች ዝቅ ይላል፣ ለዛሬ ቻሉት። እጃችሁን ጭናችሁ ላይ። አንድ ምት፣ ሦስት ጣት፣ ምትና ገልበጥ፣ ምትና ገልበጥ። ሳ፣ ሪ፣ ጋ፣ ማ፤ ፓ፣ ዳ፤ ኒ፣ ሳ። ሪዋ ጠባብ ናት፣ ወደ ሳ ትጠጋ። አሁን ወደ ታች። ሳ፣ ኒ፣ ዳ፣ ፓ፤ ማ፣ ጋ፤ ሪ፣ ሳ። ከኋላ ያላችሁ እጃችሁ ፈጠነ፤ ከመጀመሪያው።